ሮም ላይ ብስክሌት፦ ጠይቁኝ፣ ልመልስ

ሮም ውስጥ ብስክሌት መንዳት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ወደ ሥራ የምሄደው በእሱ ነው፤ እሁድ ደግሞ ለደስታዬ እነዳለሁ። ሐበሻ ወገኖቼ ሲያዩኝ ግን «መኪናው አይጨርስህም?» ይሉኛል። ስለዚህ «ጥያቄ ያለው ይላክልኝ» አልኩ። ብዙ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

እኔ የማምነው አንድ ነገር ነው። ሮም ላይ ብስክሌተኛን ከምንም በላይ የሚጠብቀው የመንገድ ምርጫ ነው። ትልቁን ጎዳና ትቶ በውስጥ ለውስጥ የሚዞር ሰው ጥቂት ደቂቃ ያጣል፤ ሰላም ግን ያገኛል። ከዚህ በታች የምመልሰው ሁሉ ከዚህ እምነት የወጣ ነው።

ጥያቄ፦ ልጅ ሆኜ ብስክሌት አልተማርኩም። አሁን ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ። በዚህ ከተማ ልጀምር ብል አብደሻል አልባልም?

መልስ፦ ማንም ምንም ቢል ጀምሪ እህቴ። ቪላ ዶሪያ ፓምፊሊ ሂጂ። ሰፊ መናፈሻ ነው፣ መኪና አይገባበትም። ኮርቻውን ዝቅ አድርጊው፤ ሁለቱም እግሮችሽ መሬት ይንኩ። ለጊዜው ፔዳሉን እርሺው። መሬቱን በእግርሽ እየገፋሽ ሂጂ። ሚዛኑ ሲመጣልሽ ፔዳሉ ራሱ ይቀልሻል።

ከዚያ ሁለት ነገር ተለማመጂ። አንዱ፣ አንድ እጅሽን ከመሪው አንስተሽ መንዳት ነው፤ ስትታጠፊ እጅሽን ዘርግተሽ ማሳየት አለብሽ። ሌላው፣ መሪው ሳይዞርብሽ ወደ ኋላ ማየት ነው። እነዚህን ሁለቱን ሳትችዪ መኪና መሀል አትግቢ።

ቀጥሎ እሁድ ጠዋት ቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ ውጪ። ከፒያሳ ቬኔዚያ እስከ ኮሎሲየም የሚወስደው ሰፊ ጎዳና ነው። እሁድና በበዓል ቀን መኪና አይሄድበትም። ከተማ መሀል መንዳት ምን እንደሚመስል ያለ ፍርሃት ታዪበታለሽ። ከእግረኛው ብቻ ተጠንቀቂ፤ ቱሪስት ፎቶ ሲያነሳ ኋላውን አያይም።

ጥያቄ፦ ሄልሜት ግዴታ ነው?

መልስ፦ ጣሊያን ውስጥ ለተራ ብስክሌት ግዴታ አይደለም። እኔ ግን ሳላደርግ አልወጣም። ሕጉ የሚጠይቀው ደወል፣ የሚሠራ ፍሬን፣ አንጸባራቂና ሲመሽ የፊትና የኋላ መብራት ነው። ማታ ከከተማ ክልል ውጭ ስትነዳ ደግሞ አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው። ከተማ ውስጥም ብትለብሰው አትጎዳም።

ጥያቄ፦ በዚያ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ሳምፒየትሪኒ ማለትህ ነው። ይህ ጥያቄ ከብዙ ሰው ስለመጣ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ድንጋዩ ባዛልት ነው። የመኪና ጎማ ለዘመናት ሲሄድበት ስለኖረ ላዩ ተልጓል፤ በደረቁ ይነቀንቅሃል፣ ሲረጥብ ያንሸራትትሃል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተትም ቀጭን ጎማ ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ ጎማው ነው። የእሽቅድድም ብስክሌት ለሮም መሀል ከተማ አይሆንም። 40 ሚሊሜትር አካባቢ ስፋት ያለው ጎማ አስገባ፤ አየሩንም እንደ ድንጋይ አታጠንክረው፣ ትንሽ ላላ ይበል። እጅህንና ትከሻህን አላላ። ክርንህ ከደረቀ ንቅንቁ ሁሉ ወደ ወገብህ ይሄዳል።

ዝናብ ከጣለ ፍሬን የምትይዘው ቀጥ ብለህ ሳለህ ነው። ኩርባው ላይ እየታጠፍክ ፍሬን ከያዝክ መውደቅህ አይቀርም። ከመታጠፍህ በፊት ፍጥነትህን ቀንስ፣ ከዚያ ፍሬኑን ልቀቅና ታጠፍ። የዜብራው ነጭ ቀለምና የብረት ክዳኖችም ሲረጥቡ እንደዚያው ናቸው።

ሁለተኛው ወጥመድ የትራም ሐዲድ ነው። በተለይ ፖርታ ማጆሬ ላይ ሐዲዱ በየአቅጣጫው ይጠላለፋል። ሐዲድን የምትሻገረው በተቻለ መጠን መስቀልኛ ነው። በጎን ሰያፍ ከገባህ የፊት ጎማህ ገብቶ ይቀረቀራል። መኪና ከኋላ ተከትሎህ መስመርህን ማስተካከል ካልቻልክ ውረድና በእግርህ ተሻገር።

ሦስተኛውን አዲስ ሰው አያስበውም። ብርዱ ሲገባ ጣሊያኖቹ ስቶርኒ የሚሏቸው ትንንሽ ወፎች በመንጋ ከተማዋ ውስጥ ለማደር ይመጣሉ። ማታ ማታ በቴቬሬ ወንዝ ዳር ባሉት ትልልቅ ዛፎች ላይ ይሰፍራሉ። ቀን ሲበሉ የዋሉት ወይራ ነው፤ ኩሳቸው ቅባት አለው። ዝናብ ሲጨመርበት ሉንጎቴቬሬ፣ ማለትም የወንዙ ዳር ጎዳና፣ እንደ ሳሙና ይሆናል። በዚያ ወቅት ከዛፎቹ ሥር አልነዳም። ተው ብዬ እመክርሃለሁ።

ጥያቄ፦ መኪናዎቹ አጠገቤ ተለጥፈው ያልፋሉ። ጥግ ይዤ ስሄድ ጭራሽ ይብሳል። ለምን?

መልስ፦ ጥግ ስለያዝሽ ነው። ጥግ ስትይዢ ሾፌሩ «ቦታ አለ» ብሎ ያስባል። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ከጥጉ ትንሽ ራቅ በዪ። በሕጉ አንቺም ተሽከርካሪ ነሽ። በ2024 መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው) ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የመንገድ ሕግ፣ መንገዱ በሚፈቅድበት ሁሉ መኪናው ሲያልፍሽ ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ ያዛል። ሾፌሩ ሁሉ ያከብረዋል ማለት ግን አይደለም። ቦታሽን ስትይዢ ግን ሳይወድ በግዱ ይጠብቃል።

ከቆሙ መኪናዎች አንድ ሜትር ራቂ። ሮም ላይ መኪና ደርቦ ማቆም የተለመደ ነው፣ በሩ ደግሞ ድንገት ይከፈታል። ከመኪናው ውስጥ ጭንቅላት ካየሽ በሩ ይከፈታል ብለሽ አስቢ። አውቶቡስን በቀኝ በኩል በፍጹም አትለፊ። ሾፌሩ አያይሽም፤ ሲታጠፍ ከግድግዳ ጋር ያጣብቅሻል። ሞቶሪኖዎቹ (ትንንሾቹ ሞተሮች) በግራም በቀኝም ስለሚያልፉ መስመር ከመቀየርሽ በፊት ሁለቱንም ጎን እዪ።

ፒያሳ ቬኔዚያ ላይ ግራ የሚገባሽ ከሆነ ወርደሽ በእግረኛ ማቋረጫ ተሻገሪ። እኔም መኪናው በሚበዛበት ሰዓት እንዲሁ ነው የማደርገው።

ጥያቄ፦ በአውቶቡስ መስመር መንዳት ይቻላል?

መልስ፦ የብስክሌት ምልክት ካለበት አዎ። ከሌለው አይቻልም።

ጥያቄ፦ ምግብ የማድረስ ሥራ ነው የምሠራው። ማታ ነው የምነዳው፣ አፑ ደግሞ ያጣድፈኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአንተ ነገር ያሳስበኛል። በየቀኑ የምትነዳው በመጥፎ ሰዓትና በመጥፎ መንገድ ነው። አፑ የሚያሳይህን መንገድ እንደ ትእዛዝ አትቀበለው፤ አብዛኛውን ጊዜ አጭሩን እንጂ ደህናውን አያሳይህም። የምትሠራበትን ሰፈር ቀን ላይ ተዟዟርበት፤ መኪና የማይበዛባቸውን የውስጥ መንገዶች ለይ። በወንዙ ዳር ያለው የብስክሌት መንገድ ማታ ጨለማ ስለሆነ ተወው።

ስልክህን መሪው ላይ እሰረው። በእጅ ይዞ መንዳት ያስቀጣል፣ ከቅጣቱ በፊትም ይጥልሃል። ሁለቱንም ጆሮህን በማዳመጫ አትድፈን። የፍሬን ጎማህን ቶሎ ቶሎ እየው፤ እንደ አንተ የሚነዳ ሰው በፍጥነት ይጨርሰዋል። ካቴናህንም ዘይት ቀባው። ብስክሌትህን ራስህ መጠገን ከፈለግህ ቺክሎፊቺና የሚባሉ የበጎ ፈቃደኞች ጋራዦች አሉ። መፍቻው እዚያ አለ፣ አሠራሩንም ያሳዩሃል። ከመነዳሪ መለጠፍ እዚያ መማር ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ስድሳ ዓመት አልፌያለሁ፣ ጉልበቴም ያመኛል። ሮም ደግሞ ኮረብታ ናት። ለእኔ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል አባባ። ያንን ጉልበት የሚያግዝ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ይግዙ። ሕጉ የሚፈቅደው ሞተሩ እስከ 250 ዋት ሆኖ በሰዓት 25 ኪሎሜትር ሲደርስ ማገዙን የሚያቆመውን ነው። ከዚያ በላይ የሆነውን «ብስክሌት ነው» ብለው ቢሸጡልዎ አይግዙ፤ እንደ ሞተር ሳይክል ታርጋና ኢንሹራንስ ይጠየቁበታል። ያለ ሞተርም ከወንዙ ዳር እስከ መሀል ከተማው ያለው ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ዳገቱ የሚጀምረው ወደ ጃኒኮሎ ወይም ወደ ሞንቴ ማሪዮ ሲወጡ ነው። ኮርቻውን ደግሞ ከፍ ያድርጉት፤ ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበትን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ እሁድ በነጠላና በሐበሻ ቀሚስ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እፈልጋለሁ። ይቻላል?

መልስ፦ ቀሚሱ ይቻላል፣ ነጠላው ቦርሳ ውስጥ ይግባ። የነጠላ ጫፍ የኋላ ጎማ ውስጥ ከገባ ብስክሌቱ ባለበት ቀጥ ይላል፣ አንቺ ግን ትቀጥያለሽ። በሩ ላይ ስትደርሺ ታጣፊዋለሽ። ለቀሚሱ መሀሉ ዝቅ ያለ፣ ካቴናው የተሸፈነ የሴት ብስክሌት ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ልጄን ከኋላ መጫን እችላለሁ?

መልስ፦ እስከ 8 ዓመት፣ በተፈቀደ የልጅ ወንበር፣ አዎ።

ጥያቄ፦ ብስክሌቴን ሰረቁኝ። ሌላ ብገዛ እንዴት ላቆየው?

መልስ፦ ቀጭን የሽቦ ቁልፍ ቁልፍ አይባልም። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለውን ወፍራም የብረት ቁልፍ ግዛ። የፊት ጎማውን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ብረት ከቋሚ ነገር ጋር እሰር። ማታ ውጭ አታሳድር። የተቀረጸበትን ቁጥር ፎቶ አንስተህ አስቀምጥ፤ ፖሊስ ዘንድ ስትከስ ይጠይቁሃል። ያገለገለ ስትገዛ ደግሞ ደረሰኝ ጠይቅ። መንገድ ላይ በ30 ዩሮ የሚሰጥህ ሰው የሌላ ወገንህን ብስክሌት ነው የሚሸጥልህ። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት ገዢውንም ያስጠይቃል።

ጥያቄ፦ በበጋ ሙቀቱ ይገድላል። አንተ እንዴት ትችለዋለህ?

መልስ፦ በጁላይና በኦገስት ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ አልነዳም። በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሮም ግን ለዚህ የሚሆን ትልቅ ጸጋ አላት። ናዞኒ የሚባሉት የመንገድ ቧንቧዎች 2,500 ገደማ ናቸው። ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ ናቸው፤ ውኃው ይጠጣል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ነጻ ነው። አፉን በጣትህ ብትደፍነው በላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ ላይ ይፈናጠርልሃል፣ ሳታጎነብስ ትጠጣለህ። በኦገስት 15 አካባቢ የከተማው ሰው ወደ ባሕር ስለሚሄድ መንገዱ ጭር ይላል። ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ ሳምንት የለም።

ጥያቄ፦ አበበ ቢቂላ የሮጠበትን መንገድ በብስክሌት መሄድ ይቻላል?

መልስ፦ ይህንን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ሁሉንም አይሆንም። ውድድሩ ከካምፒዶሊዮ ተነስቶ ባለፈበት በቪያ ክሪስቶፎሮ ኮሎምቦ ዛሬ መኪናው ይከንፋል፣ የጥዶቹ ሥርም አስፋልቱን ገፍቶ አሳብጦታል። የመጨረሻው ክፍል ግን ይቻላል፤ የሚያምረውም እሱ ነው።

እሁድ በማለዳ ውጡ። በካፋሬላ ፓርክ በኩል አድርጋችሁ ወደ ቪያ አፒያ አንቲካ ውጡና እስከ ቼቺሊያ ሜቴላ መቃብር ሂዱ። መንገዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 የተጀመረ ነው። አንዳንዱ ቦታ ላይ የጥንቱ ትልልቅ ድንጋይ እስካሁን አለ። እዚያ ላይ ስትንገጫገጩ አስቡት፦ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ማታ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው ዳርና ዳር ቆመው፣ አበበ በዚህ መንገድ በባዶ እግሩ አለፈ።

ከዚያ ወደ ከተማው ተመለሱ። ወደ ፖርታ ሳን ሴባስቲያኖ የሚወስደው ክፍል ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ግንብ ነው። እሁድ ለግል መኪና ገደብ ስላለ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ ተራ በተራ ንዱ። በካራካላ መታጠቢያ ፍርስራሽ አጠገብ አልፋችሁ ፖርታ ካፔና ትደርሳላችሁ። እዚህ ቁሙ። በ1937 ከአገራችን የተወሰደው የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነበር። አበበ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ በአጠገቡ አለፈ። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። ከዚያ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ብላችሁ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ትደርሳላችሁ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው እዚያ ነው። ልጆች ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከመጽሐፍ ይልቅ እዚያ ቆመው ቢሰሙት ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ የወንዙ ዳር መንገድስ?

መልስ፦ ቀን ላይ ጥሩ ነው፤ የትራፊክ መብራት የለም፣ መስቀለኛ መንገድ የለም። በደረጃ ስለሚወረድ ግን ከባድ ብስክሌት ያስቸግራል። ብዙ ዝናብ ከጣለ በኋላ ወንዙ ሞልቶ ጭቃ ጥሎበት ይሄዳል፤ እስኪጠረግ ጠብቁ።

ጥያቄ፦ ባሕር ድረስ በብስክሌት መሄድስ?

መልስ፦ ወደ ኦስቲያ በቪያ ክሪስቶፎሮ ኮሎምቦ ልሂድ የሚል ሰው ካለ እባካችሁ ከልክሉት። ከጥንቱ የሮም ፒራሚድ አጠገብ ካለው ከፖርታ ሳን ፓኦሎ ጣቢያ ባቡር ተሳፈሩ። ኦስቲያ ስትደርሱ በባሕሩ ዳርና በካስቴል ፉዛኖ የጥድ ደን ውስጥ እንደልባችሁ ንዱ። ከመሳፈራችሁ በፊት ብስክሌት የሚገባበትን ሰዓት ጣቢያው ላይ አንብቡ። የሚታጠፍ ብስክሌት ያለው ሰው ይህ ሁሉ አያስጨንቀውም።