«እኛ» ያሏቸው እነማን ናቸው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ሰሜን ዳኮታ፣ ዲቫይድ ካውንቲ ውስጥ 160 ኤከር መሬት አግኝተናል። ጉድጓድ ቆፍረን፣ በግና ዶሮ አርብተን፣ ያመረትነውን እየበላን መኖር ነው ሐሳባችን። በኤልኤልሲ፣ ማለትም ኃላፊነቱ በተወሰነ ድርጅት ስም፣ ልንገዛው ነው። ካውንቲው ለዚህ ይሆናል? መንግሥት በነፃ የሚሰጠው መሬትስ የለም?

መልስ፦ የነፃው መሬት ዘመን አልፏል። የ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ በ1976 ተሽሯል፣ አላስካ ብቻ እስከ 1986 ቆየ።

ካውንቲው ያለው በነዳጅ አገር ነው። ላዩ የእርስዎ ሆኖ ከሥሩ ያለው ነዳጅ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ካሳ ከፍሎ በማሳዎ ላይ መንገድ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ «አብስትራክት» የሚባለውን የባለቤትነት ታሪክ ያስወጡና ጠበቃ ያንብበው። መሬቱ ጋ የሚያደርስ ሕጋዊ መንገድ መኖሩንም ያጣራ። የጎረቤት ጉድጓድ ውሃም ላብራቶሪ ይታይ።

አሁን ወደ ዝምታዎ። ደብዳቤዎ ከዳር እስከ ዳር «እኛ» ይላል። እነማን ናችሁ? ወንድማማቾች ወይስ ጓደኛሞች? የኢሚግሬሽን ወረቀታችሁስ? ወንድሜ፣ ይህን ደብቀው ስለ ጉድጓድ ይጠይቁኛል!

ሰሜን ዳኮታ ከ1932 ጀምሮ ድርጅት የእርሻ መሬት እንዳይዝ የሚከለክል ሕግ አላት። ኤልኤልሲ በዋናነት የሚፈቀደው ለሚያርሱ የሥጋ ዘመዳሞች ነው። በ2023 ለከብት እርባታ የተከፈተው በር ጠባብ ነው። በሌላ ሕግ ደግሞ የአሜሪካ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌለው ሰው በአብዛኛው የእርሻ መሬት በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ እንዳያገኝ ተከልክሏል። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ወይም ገና ያልተወሰነ የጥገኝነት ማመልከቻ ግሪን ካርድ አይደለም።

ይህን ስነግራቸው ደንበኞቼ የሚመልሱልኝ አንድ ነው፦ «ችግር የለም፣ ከመካከላችን ሲቲዝን የሆነ ልጅ አለ፣ በሱ ስም እናድርገው።» እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚወድቀው። አራት ሰው ያዋጣል፣ ካውንቲው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው አንድ ስም ነው። ልጁ ቢፋታ ፍርድ ቤቱ መሬቱን ከባልና ሚስቱ ንብረት ይቆጥረዋል። ቢሞት ለወራሾቹ ይሄዳል። ዕዳ ቢኖርበት አበዳሪው ይመጣበታል። እናንተ እጅ ያለው የዜል (የገንዘብ መላኪያው) ደረሰኝና የቫይበር ድምፅ መልእክት ነው። «በጎን እንፈራረማለን» የሚሉም አሉ። ከመካከላችሁ ሕጉ የማይፈቅድለት ካለ ያ ወረቀት ራሱ «በተዘዋዋሪ ገዝቷል» የሚል ማስረጃ ይሆናል። ጓደኛችሁን አልጠረጠርኩም፣ ግን እሱ መልአክ ቢሆን እንኳ አበዳሪው መልአክ አይደለም።

ሁላችሁም የምትፈቀዱ ከሆነ መንገዱ ቀላል ነው፤ የእያንዳንዳችሁ ስምና ድርሻ ዲዱ (የባለቤትነት ሰነዱ) ላይ ይጻፍ፣ አንዱ ልውጣ ቢል ምን እንደሚሆንም በጽሑፍ ተስማሙ። እኔ በዚያ ስቴት የጥብቅና ፈቃድ የለኝምና እዚያው የሚሠራ ጠበቃ ይያዙ። የሁላችሁንም የኢሚግሬሽን ሰነድ፣ ዝምድናችሁን፣ ማን ስንት እንዳዋጣ የሚያሳይ የባንክ ወረቀት ይዘው ይሂዱ።

ሌላም ያልነገሩኝ ነገር አለ፦ ቀብድ ከፍላችኋል? ከፍላችሁ ከሆነ ከሁሉ በፊት የቀብዱን ውል ለጠበቃው ያሳዩ። ከውሉ ለመውጣት የተሰጣችሁ ቀን እየቆጠረ ሊሆን ይችላል።