«ተሽሎኛል» ሲሏችሁ

ጅማ ውስጥ ፋርማሲ ለምትማሩና አዲስ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣ ስለ አንድ የድሮ መድኃኒት ላጫውታችሁ።

ቶማስ ፋውለር የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1786 እ.ኤ.አ. አርሰኒክ ከሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር የተሠራ ጠብታ ለሕዝብ አስተዋወቀ። ጥንካሬው 1 በመቶ ገደማ ነበር። መጀመሪያ ለትኩሳት ሰጡት። ከዚያ ለአስም፣ ለቆዳ በሽታ፣ ለደም ካንሰር ሳይቀር ታዘዘ። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከፋርማሲ መደርደሪያ አልወረደም።

ፈሳሹ ውሃ ይመስላል። ሰው ተሳስቶ እንዳይጠጣው ብለው ላቬንደር የሚባለውን መዓዛማ ተክል ይጨምሩበት ነበር። እኛ ጋ ግን ዛሬም ከማናና ከሰቃ የሚመጣው ገበሬ የተባይ መድኃኒት በሃይላንድ ገልብጦ ቤቱ ያስቀምጣል። ይህን ስትሰሙ እባካችሁ ዝም አትበሉ። ልጅ አለ፣ ጨለማ አለ።

ወደ ጠብታው ልመለስ። ያዘዙት ሐኪሞች ሞኞች አልነበሩም። የቆዳው ቁስል ይደርቅ ነበር። አርሰኒክ ትንንሽ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የታማሚው ፊት ቀላ፣ ወዛ ይላል። ታማሚው ተሻለኝ ይላል፣ ሐኪሙም ደስ ይለዋል። ጣጣው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ እንደ በቆሎ ፍሬ የደረቁ እብጠቶች ይወጣሉ። ቆዳው ይጠቁራል፣ በመሃሉ ነጣ ነጣ ይላል። አንዳንዱ ወደ ካንሰር ይቀየራል። ያኔ የድሮውን ጠብታ ማን ያስታውሳል?

አርሰኒክ ዛሬም መድኃኒት ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ፈቅዳዋለች። መርዝነቱ አልጠፋም። አሁን ግን የሚሰጠው ልብና ደም እየተመረመረ፣ በባለሙያ ክትትል ነው።

እናንተ መስኮት ላይ አርሰኒክ የሚጠይቃችሁ የለም። «ዴክሳ ስጡኝ፣ ያወፍረኛል፣ ፊቴንም ሞላ ያደርግልኛል» የምትል እህት ግን ትመጣለች። ዴክሳ ማለት ዴክሳሜታሶን ነው፤ ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት። ባለፈው ወስዳ ተስማምቷታል፤ እውነቷን ነው። ስኳሩ፣ ግፊቱና የአጥንቱ መሳሳት ገና አልታያትም። ያለ ማዘዣ አትስጧት፣ ግን አትቆጧትም። ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስድ ረጋ ብላችሁ ጠይቋት። ከቆየች በአንዴ አቁሚ አትበሏት፤ ሰውነቷ የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚተው ድንገት ልትወድቅ ትችላለች። ቀስ በቀስ እንዲቀንስላት ሐኪም ዘንድ ላኳት።