በፊት ጎማ የሚጎትት ወይስ በኋላ ጎማ የሚገፋ? የላካችሁልኝ ጥያቄዎችና መልሶቼ

ክረምቱ ገባ። የጎንደር ኮብልስቶን ሲረጥብ ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባለፈው ሳምንት በፊት ጎማና በኋላ ጎማ ስለሚነዱ መኪኖች ጥያቄ ያላችሁ አምጡ ብዬ ነበር፤ ብዙ መጣ። ጋራዥ ውስጥም መሪ ላይም ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ ባሕር ዳርም መተማም ደባርቅም ስለተመላለስኩ፣ የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ ልገዛ ነው። የወንድሜ አሮጌ ላዳ ላይ ነው መንዳት የለመድኩት። መሪ ይዤ ስቀመጥ ልዩነቱ ምን ሆኖ ነው የሚሰማኝ?

እህቴ፣ ላዳው በኋላ ጎማ ነው የሚገፋው፣ ቪትዙ በፊት ጎማ ይጎትታል። ጎማ መሬት የሚቆነጥጥበት አቅም ልክ አለው። ቪትዝሽ ላይ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ይጎትታሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ፍሬን ስትይዢም ትልቁን ሸክም የሚችሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ጥምዝ መሃል ነዳጅ ከጨመርሽ አቅማቸው ለመጎተት ያልቅና ለመታጠፍ የሚተርፈው ያንሳል፤ መሪውን አዙረሽ ሳለ መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ይሄድብሻል። ላዳው ላይ ሥራው የተከፋፈለ ነው። የፊቶቹ ይታጠፋሉ፣ የኋላዎቹ ይገፋሉ። አብዝተሽ ከረገጥሽ የሚሸሸው ኋላው ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዢ፦ የመኪናሽ የትኛው ጫፍ ቀድሞ እንደሚከዳሽ እወቂ። እግርሽም እጅሽም የሚሠሩት በዚያ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ የፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ዳገት አይወጣም ይላሉ። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ሜዳ ላይ፣ ጭቃም ቢሆን፣ የፊት ጎማ የሚነዳው ይሻላል። ሞተሩም ካምቢዮውም የሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለተቀመጡ ክብደት አላቸው፤ ብዙዎቹ መኪኖች ባዶ ሲሆኑ ከክብደታቸው 60 በመቶ ያህሉ ፊት ላይ ነው። ዳገት ላይ ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኋላ ሦስት ሰው ካስቀመጥክበት፣ ባጋዡን ከሞላኸው፣ ፊቱ ይበልጥ ይቀላል። በኋላ ጎማ የሚገፋው ደግሞ በዚያው ዳገት ላይ ጉልበት ያገኛል።

ባለፈው ሐምሌ ያየሁትን ልንገርህ። ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኮብልስቶን ዳገቶች አንዱ ላይ፣ ጠዋት፣ ዝናቡ ገና አባርቶ። አንድ ቪትዝ መሃል ላይ ቆሟል። ሰው ሞልቶታል፣ ባጋዡ ውስጥ አንድ ኩንታል ጤፍ አለ። ልጁ ይረግጣል፣ የፊት ጎማው እዚያው ይሽከረከራል፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። ድንጋዩ በሰው እግርና በጎማ ተልጦ እንደ መስታወት ያበራል። በረገጠ ቁጥር መኪናው ወደ ቦዩ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። እግርህን አንሳ አልኩት። ሰዎቹን አወረድን፣ ጤፉን አወጣን። አሁንም እምቢ አለ። ከዚያ ቁልቁል አወረድነው፣ ታች ሰፋ ያለው ቦታ ላይ አዞርነውና በኋላ ማርሽ እንዲወጣ አደረግን። ቀስ እያለ ወጣ! በኋላ ማርሽ ሲወጣ የሚነዱት ጎማዎች በቁልቁለቱ በኩል ስለሚሆኑ ክብደቱ እነሱ ላይ ያርፋል። ሚስጥሩ ይኸው ነው። ጠባብና ሰው የሚበዛበት መንገድ ላይ ግን ከኋላ ቆሞ የሚመራህ ሰው ሳይኖር አትሞክረው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሚኒባስ ነው የምነዳው። ደባርቅ ሰው አድርሼ ባዶዬን ስመለስ፣ ዝናብ ካለ ኋላው ይወራጭብኛል። ጎማው ደህና ነው። ምን ይሻለኛል?

አባቴ፣ እርስዎ ያሉት ትክክል ነው፤ ጥፋቱም የእርስዎ አይደለም። ሃይሉክስም አይሱዙም ላይ ያለ ነገር ነው። እነዚህ መኪኖች ጭነት ችለው በኋላ ጎማ እንዲገፉ ነው የተሠሩት። ባዶ ሲሆኑ ኋላቸው ይቀላል፣ የቀለለ ጎማ ደግሞ ቶሎ ይንሸራተታል። ብዙ ጊዜ የሚያስነሳው ነዳጅ ሳይሆን ማርሽ ነው። ቁልቁለት ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ቀንሰው ፍሪሲዮኑን በአንዴ ከለቀቁት፣ ሞተሩ የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ጭምድድ አድርጎ ይይዛቸዋል። እርጥብ መንገድ ላይ ያ የእጅ ፍሬን እንደ መሳብ ነው። ማርሹን ጥምዙ ሳይደርስ፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት ይቀንሱ፤ ፍሪሲዮኑንም ቀስ አድርገው ይልቀቁ።

ከሸሸብዎት ደግሞ ኋላው በሸሸበት አቅጣጫ መሪውን ያዙሩ፣ ዓይንዎን ገደሉ ላይ ሳይሆን መሄድ የሚፈልጉበት መንገድ ላይ ያድርጉ፣ ፍሬኑን አይደብድቡት። ሲመለስ መሪውንም ቶሎ ይመልሱት። ብዙ ሰው የሚገለበጠው በመጀመሪያው መንሸራተት ሳይሆን መሪውን ዘግይቶ ሲመልስ ኋላው በሌላው በኩል ሲወረወር ነው።

ጥያቄ፦ የኔ የፊት ጎማ ነው። ጥምዝ ላይ ፊቱ ወደ ውጭ ሲወጣብኝ መሪውን ይበልጥ አዞራለሁ፤ ምንም ለውጥ የለም።

አይኖረውምም። ጎማው ተንሸራቷል፤ ይበልጥ ስታዞረው ይበልጥ ያፈገፍጋል። ነዳጁን ቀነስ አድርግ፣ መሪውንም ትንሽ መልሰው። ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፣ ጎማው እንደገና ይቆነጥጣል። ቀነስ አድርግ ነው ያልኩት ግን! በፍጥነት እየታጠፍክ እግርህን በአንዴ ብታነሳ ክብደቱ ጠቅላላ ወደ ፊት ይወረወርና ኋላው ይቀላል፤ በፊት ጎማ የሚነዳው መኪናም ኋላው ሊሸሽ ይችላል። «የፊት ጎማ ኋላው አይሸሽም» የሚለው ወሬ ሰው ጎድቷል።

ጥያቄ፦ ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ነው የምችለው። ፊት ነው አይደል?

አይደለም ወንድምዓለም። ኋላ ነው። የትኛውም ጎማ ይንዳው፣ አዲሱ ኋላ።

ይኼን ስናገር ጎሚስታ ቤት ሁሌ ክርክር ይነሳል። ገባኝ፤ የፊት ጎማ የሚነዳው መኪና የፊቱን ቶሎ ስለሚጨርስ አዲሱን እዚያ ማድረግ ያስመኛል። ግን አስበው። ውሃ ባለበት አስፋልት ላይ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃውን መግፋት ያቅተውና ይንሳፈፋል። የፊቱ ከተንሳፈፈ መሪው ሲቀልልህ ወዲያው ይሰማሃል፣ እግርህን አንስተህ ታስተካክላለህ። የኋላው ከተንሳፈፈ ግን እስክታውቀው መኪናው ዞሯል፤ ያንን የሚመልስ ሹፌር ጥቂት ነው። ፊት የቀረው ጎማ ግን ጥርስ ሊኖረው ይገባል። ከተላጨ አራቱንም እስክትችል ጠብቅ፣ በዝናብም አትውጣ።

ጥያቄ፦ ባጃጅስ?

በኋላ ጎማ ነው የሚገፋው፣ ሞተሩም ኋላ ነው። ዳገት የሚደፍረው ለዚያ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ግን አንድ ጎማ ብቻ ስለሆነ እየታጠፍክ ፍሬን ከያዝክ ወደፊትና ወደ ጥምዙ ውጭ ዘንበል ብሎ ሊገለበጥ ይችላል። ፍሬን መጀመሪያ፣ መታጠፍ ቀጥሎ።

ጥያቄ፦ ከድሮ የኋላ ጎማ ነበር ሁሉም። ለምን ቀየሩት?

ቦታና ወጪ። ሞተሩ ፊት ለፊት በአግድም ሲቀመጥ እስከ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ይቀራል፣ የወለሉ ጉብታም አብሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው ትንሿ ሚኒ ይህን አሳየች። የኮሮላ ሰዳን እ.ኤ.አ. በ1983 ወደ ፊት ጎማ ዞረ። የተሻለ አያያዝ ፈልገው አይደለም፤ ለተራ ሹፌር ግን ፊቱ የሚወጣ መኪና ኋላው ከሚሸሽ መኪና ለማረም ይቀላል።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ስረግጥ መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትተኛል።

ስትረግጥ ብቻ ከሆነ፣ የፊት ጎማ የሚነዱ መኪኖች ላይ ያለ ባሕርይ ሊሆን ይችላል፤ ከካምቢዮው ወደ ግራና ቀኝ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ርዝመታቸው እኩል ስላልሆነ ነው። ሳትረግጥም ከጎተተህ ግን መጀመሪያ የጎማ ነፋስህን፣ ቀጥሎ የፊት እግሩን አስፈትሽ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይህ ሁሉ ይሠራል?

በደንብ። ቢዋይዲ ሲጋል በፊት ጎማ ነው። አንድ ሞተር ያለው የፎልክስዋገን አይዲ 4 ሞተሩ ኋላ ነው፤ በኋላ ጎማ ይገፋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን ከመነሻው ስለሚሰጥ እርጥብ ዳገት ላይ እግርህ በጣም ረጋ ያለ ይሁን። እግርህን ስታነሳም ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል፤ አይዲው ላይ የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው። መኪናው መንሸራተትን የሚያርምበት ሲስተም አለው፣ አታጥፋው።

ጥያቄ፦ ሊማሊሞን ብትወርድ ብትወጣ የትኛውን ትመርጣለህ?

ለመውጣት የኋላ ጎማ፣ ለመውረድ የፊት ጎማ። ጣሊያን የቆረጠውን ያን መንገድ ስትወርድ ክብደቱ ፊት ላይ ነው፤ የፊት ጎማ የሚነዳው መኪና በማርሽ ሲያዝ የሚይዘው ክብደት ያለበትን ጎማ ስለሆነ ኋላው አይረበሽም። ሚኒባስ ከያዝክ ግን ትወርዳለህ፣ ያው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ እየለቀቅክ። በዜሮ ማርሽ ግን በየትኛውም መኪና አትውረድ። ፍሬኑ ይግልና ፔዳሉን እስከ ወለል ብትረግጠው የማይዝበት ሰዓት ይመጣል። እኔ ከላይ ስጀምር ሁለተኛ አስገባለሁ፣ ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጌ እቆማለሁ፣ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን እጠብቃለሁ። የሚሽተውን ፍሬን ውሃ አታፍሱበት፤ ብረቱ ይሰነጠቃል።