ሐዘን ባለበት ቤት ምስጋና እንዴት ይቀርባል?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፉ ሰባት ወር ሆናቸው። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ በሙሉ ለበዓል ሲሰባሰብ ይህ የመጀመሪያው ነው። ማዕዱን የሚባርኩት ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ። ወንድሞቼ «እማዬ እንዳትረበሽ ስሙን አናንሳ፤ በልተን እንለያይ» ይላሉ። እኔ ግን ዝምታው ይከብደኛል። ደግሞስ እንዲህ ባለ ቀን ምስጋና እንዴት ይወጣል? (የቤቱ ታላቅ ልጅ)

መልስ፦ የወንድሞችዎ ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን እናትዎን አያሳርፍም። ስማቸው ስላልተነሣ ባለቤታቸውን አይረሱም። ሁሉም ዝም ካለ «የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ያስባሉ። ልጆች ለእናት፣ እናትም ለልጆች ሲጠነቀቁ እያንዳንዱ ለየብቻው አዝኖ ይለያያል። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣ እያወቀ እንባውን አፈሰሰ (ዮሐ. 11፥35)። ጥቂት ቆይቶም እዚያው መቃብሩ ፊት አባቱን አመሰገነ (ቁ. 41)። ልቅሶውም ምስጋናውም በአንድ ቀን፣ በአንድ ስፍራ ሆነ። ስለዚህ አባትዎን ያንሷቸው፤ ግን ተዘጋጅተውበት።

ከሳምንት በፊት እናትዎን ለብቻቸው ያነጋግሯቸው። ስማቸው እንዲነሣ ይወዱ እንደሆነ፣ ማዕዱን ማን ቢባርክ ደስ እንደሚላቸው፣ አባትዎ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ማን እንዲቀመጥ እንደሚፈልጉ ይጠይቋቸው። የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዕለቱ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲተያይ፣ ያ ቦታ ከየትኛውም ንግግር በላይ ልብ ይሰብራል። የልጅ ልጅ ቢቀመጥበትም፣ የወንበሮቹ አቀማመጥ ቢቀየርም ያው ነው፤ ብቻ አስቀድሞ ይወሰን።

የሚጸልየውም ሰው ቀደም ብሎ ይነገረው። በማዕድ ፊት ድንገት «በል አንተ ጸልይ» የተባለ ሐዘንተኛ ሳግ ሲይዘው ያፍራል። ጸሎቱን በወረቀት ጽፎ ማንበብ ነውር የለበትም። ድምፁ ቢቋረጥ የሚቀጥልለት ሰው ደግሞ አጠገቡ ይቀመጥ።

ሥርዓቱ ከምግቡ በፊት ይሁን፤ ጠቅላላው ከ15 ደቂቃ አይብለጥ። ከምግብ በኋላ ይሁን ከተባለ ሕፃናቱ ይበተናሉ፣ እንግዳም ለመሄድ ይነሣል፤ ሳይደረግ ይቀራል። መክፈቻው መዝሙር 13 ቢሆን እንመክራለን። ስድስት ቁጥር ብቻ ስለሆነ ለሦስት ሰው በእኩል ይከፈላል። የመጀመሪያው አንባቢ አራት ጊዜ «እስከ መቼ» የሚለውን ምሬት ያነብባል፤ ሁለተኛው ልመናውን፣ ሦስተኛው መታመኑንና ዝማሬውን። ምሬቱን አትዝለሉት። ብዙ ቤተሰብ መጨረሻውን ብቻ መርጦ ያነብባል፤ ያን ጊዜ ሐዘንተኛው ጸሎቱ የእሱ እንዳልሆነ ይሰማዋል። አንድ ማሳሰቢያ፦ በግእዙ ዳዊትና በግሪኩ አቆጣጠር ይህ መዝሙር 12ኛው ነው። ከ10 በኋላ ያሉት አብዛኞቹ መዝሙሮች በዚያ አቆጣጠር በአንድ ስለሚቀንሱ፣ መጻሕፍቱን ከዋዜማው ገልጣችሁ ምልክት አድርጉባቸው።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው ስለ አባትዎ እግዚአብሔርን የሚያመሰግንበትን አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ነገሩ የተጨበጠ ይሁን። «ጥሩ አባት ነበር» ከመባሉ ይልቅ «የፈተና ቀን አባዬ ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ ይጸልይልኝ ነበር» ቢባል ይሻላል። ይህን አጥብቀን የምንለው በምክንያት ነው። በጅምላ የሚቀርብ ውዳሴ ሰውየውን ማንም የማያውቀው ሰው ያደርገዋል። ከአባቱ ጋር ተኳርፎ የቀረ ልጅ ካለ ደግሞ አፉን ያስይዘዋል፤ አንድ እውነተኛ ነገር ብቻ ከተጠየቀ ግን እሱም ፈልጎ አያጣም። «እኔን ይለፈኝ» ማለት እንደሚቻልም ከመጀመሪያው ይነገር። ከእያንዳንዱ ሰው ንግግር በኋላ ሁሉም በአንድነት «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ይበል። መዝሙር 136 ይህንን ቃል በ26ቱም ቁጥሮች ይደግመዋል፤ ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ይከተላል።

እናትዎ ቢያለቅሱ ንባቡን አታቋርጡ፣ አትቻኮሉም። አንድ ሰው አጠገባቸው ሆኖ እጃቸውን ይያዝ፤ አንባቢው ጥቂት ቆሞ ይቀጥል። ተነሥተው ቢወጡ አንድ ሰው ብቻ ይከተላቸው።

ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያበላሸው ልቅሶው ሳይሆን፣ ልቅሶውን ለማስቆም ትምህርት የሚጀምረው ዘመድ ነው። «ነገር ሁሉ ለበጎ ነው» ይላል። ቃሉ እውነት ነው፤ ሐዋርያው ግን ወደዚያ ቃል (ሮሜ 8፥28) የደረሰው ፍጥረትም እኛም እንደምንቃትት ከተናገረ በኋላ ነው (ቁ. 22–23)። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በዝምታ ተቀመጡ፤ እስከዚያ ድረስ መልካም አደረጉ። እግዚአብሔር የተቆጣቸው በኋላ በተናገሩት ነው (ኢዮብ 42፥7)። እንዲህ ያለ ዘመድ ካላችሁ ንባብ ስጡት፤ የሚያነብበው ክፍል ካለው ሌላ ንግግር አይጨምርም።

ለሞቱት የሚጸልዩና የማይጸልዩ ዘመዶች በአንድ ማዕድ ካሉ፣ ክርክሩን ለዚያ ቀን አታምጡት። ስለ ሕይወታቸው እግዚአብሔርን ማመስገን ሁሉም የሚስማማበት ነው።

ጥያቄ፦ ከረጅም ጥበቃ በኋላ ሴት ልጅ ወለድን፤ ቤተሰቡን ጠርተን ልናመሰግን ነው። እህቴ ግን ፅንሷ ከጨነገፈ ገና አራት ወሯ ነው። ዝግጅቱን እንተወው?

መልስ፦ አትተዉት። ደስታን መደበቅ እህትዎን አያጽናናም፤ «በእኔ ምክንያት ቀረ» የሚል ሸክም ይጨምርባታል እንጂ። ልጅ አጥታ የነበረችው የሐና ታሪክ ይህንን በትክክል ያሳያል። የምታለቅሰው ዓመት በዓመት ቤተሰቡ በሚሰባሰብበት መሥዋዕት ላይ ነበር። ባሏ ይወዳታል፤ ሆኖም «ከአሥር ልጆች እኔ አልሻልሽምን?» አላት (1 ሳሙ. 1፥8)። በፍቅር የተነገረ ቃል ነው፣ ግን አላሳረፋትም። ያሳረፋት ልቧን በእግዚአብሔር ፊት ማፍሰሷና ካህኑ ዔሊ በመጨረሻ ሰምቶ እሷን መባረኩ ነው።

ጥሪው ለሌላው ከመድረሱ በፊት እርስዎ ራስዎ ይንገሯት፤ በቡድን መልእክት አትስማው። እንዲህ ቢሏት ይበቃል፦ «ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ባትመጪም ይገባኛል። ዘግይተሽ መጥተሽ ቀድመሽ ብትሄጂም ማንም አይጠይቅሽም።» የመጨረሻውን ቃል ለማክበር ከእናትዎ ወይም ከአክስትዎ አንዷ አስቀድማ ታውቅ፤ ያለዚያ «የት ሄደች?» የሚል ጥያቄ በሰው መሐል ይነሣል። ራሷ ካልጠየቀች ሕፃኗን አታሳቅፏት፣ ጸልይም አትበሏት።

የምስጋናውን ቃል ደግሞ መዝኑት። «ስለምትወደን ሰጠኸን» ከተባለ፣ ያልተሰጣት ምን ትስማ? «ይህችን ልጅ ስለ ሰጠኸን እናመሰግንሃለን» በቂ ነው። «የሚቀጥለው ያንቺ ነው» የሚልም አይጠፋ ይሆናል፤ እግዚአብሔር ያልሰጠውን ተስፋ በስሙ መስጠት ስለሆነ እንዳይባል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከዝግጅቱ ማግስት ደውሉላት። ሊወለድ የነበረበት ወር ሲደርስም እንዲሁ፤ ያን ቀን የሚያስታውስላት ሰው ብዙ አይኖርም።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጃችን ማመን ትቻለሁ ይላል። በቤተሰብ ጸሎት ላይ እንዲቆም እናስገድደው?

መልስ፦ አታስገድዱት። አብሮ መቀመጡን ጠይቁት፣ መጸለዩን ግን ለእሱ ተዉት። ተራው ሲደርስ ለእግዚአብሔር ካላመሰገነ፣ በዓመቱ ውስጥ የረዳውን አንድ ሰው ስም ጠርቶ ያመስግን፤ ይህም ባዶ ነገር አይደለም። ሁለት ነገር ያርቀዋል፦ በጸሎት አሳብቦ እሱን መውቀስ፣ በዘመድ ፊትም ስለ እምነቱ መጠየቅ።

ጥያቄ፦ የምስጋና ደብተር ጀምረን በሦስተኛው ሳምንት ተውነው። ሁልጊዜ «ስለ ጤና፣ ስለ ሰላም» ብቻ ሆነብን።

መልስ፦ በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ በሳምንት አንድ ቀን ይሁን፤ በአንድ ቀን ከሦስት ነገር በላይ አትጻፉ። እያንዳንዱ መስመር ቀን፣ የሰው ስምና የተደረገውን ነገር ይያዝ። «ስለ ጤና» በማለት ፈንታ «ሐሙስ ሌሊት የእማዬ ትኩሳት በረደ» ብላችሁ ጻፉ። ሳሙኤል ድንጋይ አቁሞ «እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል» ያለው አንድ የታወቀ ቀንና ቦታ ይዞ ነው (1 ሳሙ. 7፥12)። በግራው ገጽ ልመናችሁን፣ በቀኙ ምስጋናችሁን አስፍሩ። መልስ ያልመጣለት ልመና ካለ ቀኙን በግድ አትሙሉት፤ ደብተሩ ሲያልቅ ልመናውን ከነቀኑ ወደ አዲሱ አዛውሩት።