የቱቦው ጫፍ የት እንደደረሰ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እናቴ ኬሞቴራፒ ልትጀምር ነው። መድኃኒቱ የሚሰጣት በክንዷ በሚገባ ረጅም ቱቦ ነው፤ ጫፉ ልቧ አጠገብ ይደርሳል አሉን። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሰውነት ውስጥ የገባ ቱቦ እንዴት ተደርጎ ይመራል? መንገድ ቢስትስ?
የተጨነቀች ልጅ

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። እኔ ይህን ቱቦ የማስገባ ነርስ ነኝ፤ ታካሚዎቼም አብዝተው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ፣ ልብ አጠገብ ለምን? አንዳንድ የኬሞ መድኃኒት ኃይለኛ ነው፤ ቀጭን የክንድ ደም ሥር ያቃጥላል። ልብ ላይ በሚያርፈው ትልቁ ደም መላሽ ቧንቧ ግን ብዙ ደም በፍጥነት ስለሚያልፍ መድኃኒቱ ወዲያው ይቀጥናል። ጫፉ ከዚያ በላይ ከቀረ ደም ሊረጋበት ይችላል። ልብ ውስጥ ከዘለቀ ደግሞ ምቱን ሊያዛባ ይችላል። ለዚህ ነው በሴንቲሜትር የምንጨነቀው።

ክንዱ በማደንዘዣ ከደነዘዘ በኋላ መርፌውን በአልትራሳውንድ እያየን እናስገባለን። ደም ሥሩ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ክብ ሆኖ ይታያል። ጫን ሲሉት የሚጨፈለቀው ደም መላሽ ነው፤ ደም ወሳጁ እምቢ ይላል፣ ይመታልም። ቀጥሎ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይገባል፣ መርፌው ይወጣል፣ ቱቦው ሽቦው በከፈተው መንገድ ይገባል። ይህን በሽቦ የመምራት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ስዊድናዊው ሐኪም ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሠራበት መሣሪያ የልብን ኤሌክትሪክ ከቱቦው ጫፍ ላይ ያነባል። ይህን ኤሌክትሪክ በመስመር ስሎ በሚያሳየው ኢሲጂ ላይ ከእያንዳንዱ ምት በፊት ትንሽ ጉብታ አለች፤ ፒ ሞገድ እንላታለን። ጫፉ ወደ ልብ ሲቀርብ ጉብታዋ ከፍ እያለች ትሄዳለች። ልብ ውስጥ ሲገባ ወደ ታች መገልበጥ ትጀምራለች፤ ያኔ ትንሽ እንመልሰዋለን። ስንት ጊዜ አይቼውም አሁንም ይደንቀኛል፤ መንገዱን የሚነግረን የታካሚው የራሱ ልብ ነው!

አዎ፣ ቱቦው አንዳንዴ ወደ አንገት ይታጠፋል። እናትሽን ፊታቸውን ቱቦው ወደሚገባበት ክንድ አዙረው አገጫቸውን ደረታቸው ላይ እንዲያስጠጉ የምንጠይቃቸው ያን መንገድ ለማጥበብ ነው። ደረት ላይ የሚቀመጥ፣ የጫፉን አቅጣጫ በማግኔት የሚከታተል መሣሪያም አለ፤ ሲታጠፍ ወዲያው ያሳያል።

አንድ ነገር እንዳትረሺ። እናትሽ የልብ ምት መዛባት ካለባቸው ወይም የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ከተገጠመላቸው አስቀድመሽ ተናገሪ። በእነዚህ ሰዎች ፒ ሞገድ ላይኖር ወይም በደንብ ላይነበብ ስለሚችል የጫፉ ቦታ በደረት ራጅ ይረጋገጣል።

የመጀመሪያው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት፣ «ጫፉ የት እንዳረፈ ተረጋግጧል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። ከቆዳ ውጪ የቀረው ቱቦ ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነም አጽፊና ያዢ። ያ ቁጥር ከተለወጠ ጫፉ ተንቀሳቅሶ ሊሆን ስለሚችል፣ ነርሷ ሳታየው ምንም መድኃኒት አይግባበት።