ሀኪምም ለቅሶ ይቀመጥ

ልጆቼ፣

በ2012 ዓ.ም. ኢንተርን (ሆስፒታል ውስጥ የምትለማመዱ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች) የነበራችሁ ዛሬ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምትማሩ ሐኪሞች) ናችሁ፤ ስፔሻሊስት የሆናችሁም አላችሁ። ይህን ደብዳቤ ያኔ ልጽፍላችሁ ይገባ ነበር። ዘግይቻለሁ። አሁን ነጭ ጋውን የለበሳችሁትም አንብቡት፤ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ ፊት የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር፣ እኛ ሲኒየሮቹ የምናወራው ስለ ኦክስጅን፣ ስለ አልጋና ስለ ማስክ ነበር። ሚሊኒየም አዳራሽ ሳይቀር የሕክምና ማዕከል ሆነ። ሁሉም ያስፈልግ ነበር። ስለ እናንተ እንቅልፍና ስለ ልባችሁ የጠየቀ ሰው ግን አላስታውስም።

አንዲት ኢንተርን ነበረች። በአንድ ሌሊት ዲዩቲ (የተረኛነት ሥራ) ሁለት ሰው ሞተባት። የሁለተኛውን ሞት ለቤተሰቡ የነገረችው በስልክ ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። እስቲ አስቡት። በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ሐዘንተኛውን ደግፎ የሚይዝ ሰው አጠገቡ ይቆማል። እሷ ግን ኮሪደር ላይ ብቻዋን ነበረች። የሟቹ ልጅ ሲጮህ በጆሮዋ ሰማች። ስልኩን ዘጋችና ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች።

ጠዋት ራውንድ ላይ፣ በሽተኞቹን እየዞርን ስናይ፣ እንባዋ መጣ። እኔም «ሀኪም አያለቅስም፤ ቀጥይ» አልኳት።

ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ግን ዝም አለች። ምሳ ተወች። ስትጠየቅ መልሷ «ደህና ነኝ፣ ዶክተር» ነው። ከሳምንታት በኋላ ጓደኛዋ ጎተት አድርጎኝ «ዶክተር፣ መኖር አስጠልቶኛል እያለች ነው» አለኝ። ያን ቀን ሥራዬን ትቼ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። ድባቴ ነበር። ታከመች፣ ተሻላት። ይህን የምጽፈውም ፈቅዳልኝ ነው።

ያኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። የሟች ቤተሰብ ትንሽም ቢሆን ለቅሶ አለው። ሰው ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ስለ ሟቹ ይወራል። ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ሲያስተካክልለት ያደረው ወጣት ሐኪም ግን ለቅሶ የለውም። ያ ሐዘን የትም አይሄድም። ውስጥ ይቀመጣል።

ስለዚህ አውሩት። ከዲዩቲ ስትወጡ፣ አብሯችሁ ካደረው ሰው ጋር፣ ሻይ ቤትም ቢሆን። እንቅልፍ እምቢ ሲላችሁ መድኃኒት ለራሳችሁ አትዘዙ፤ ድካሙንም በጫት አትግፉት። ጓደኛችሁ ዝም ካለ «መሞት ያምርሃል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ይዛችሁት ሂዱ።

«አማኑኤል ታየ»፣ የአእምሮ ሆስፒታል ሄደ፣ መባልን እንደምትፈሩ አውቃለሁ። ይህ ፍርሃት የእኛ ብቻ አይደለም። በኒውዮርክ የአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ኃላፊ የነበረችው ዶክተር ሎርና ብሪን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ራሷን አጠፋች። ለአእምሮ ሕመም መታከሟ ከታወቀ የሥራ ፈቃዴን አጣለሁ ብላ ትሰጋ እንደነበር ቤተሰቦቿ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ የጤና ባለሙያዎችን አእምሮ ጤና የሚደግፍ ሕግ በስሟ አወጣች። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ለእሷ ግን አልደረሰላትም።

እኛ ሲኒየሮቹም ሥራ አለብን። አሁን ዋርዳችን ውስጥ ሰው ሲሞት፣ የሚያጣድፍ በሽተኛ ከሌለ፣ ወጣት ሐኪሞቹን ሰብስቤ አሥር ደቂቃ እቀመጣለሁ። የሟቹን ስም እንጠራለን። ከየት እንደመጣ፣ ምን ሲል እንደነበር የሚያስታውስ ይናገራል። መርዶውንም ኢንተርን ብቻውን አይነግርም፤ አብሬው እገባለሁ። የሚያለቅስ ካለም ይለቀስ፤ ራውንዱ ይጠብቃል።