መጀመሪያ ውሃውን እዩት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ሦስታችሁ ቤቴ መጥታችሁ "ጋሼ፣ ቦርሳ አዝለን ጋምቤላ ልንሄድ ነው፤ ረግረጉን እናያለን፣ የዱር እንስሳ እናያለን፤ ምን እንያዝ?" ስትሉኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ሻይ እየጠጣን ስለ አጎበርና ስለ ጫማ አወራን። ከሄዳችሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለካ ዋናውን ነገር ሳልነግራችሁ ነው የሸኘኋችሁ። ስለዚህ ይሄን ጻፍኩ። እንደናንተ መንገድ ያማራቸው ሌሎች ወጣቶችም ካሉ ያንብቡት።

እኔ ሥራዬ ውሃ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ከድሬዳዋ እስከ ባቢሌ ማዶ የከርሰ ምድር ውሃ ስፈልግ፣ ጉድጓድ ሳስቆፍር፣ የውሃ ደረጃ ስለካ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ምክሬም ከዚያው የመጣ ነው። የዱር እንስሳ ለማየት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ውሃውን ይይ። ከየት መጣ? ባለፈው ክረምት እስከ የት ደርሶ ነበር? አሁን ወዴት እየሸሸ ነው? ይሄን ካወቃችሁ እንስሳው የት እንዳለ ማንም ሳይነግራችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ለድሬ ልጅ ይሄ ቀላል አይደለም። እኛ ወንዝ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው አሸዋ ነው። ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን ደቻቱን ታውቁታላችሁ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከዚያ ከላይ፣ ከተራራው ዝናብ ይጥልና እኛ ሰማያችን ጠርቶ ሳለ ድንገት ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። በ1998 ክረምት አንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። እኛ የምናውቀው ውሃ ሮጦ መጥቶ ሮጦ የሚሄድ ውሃ ነው። ጋምቤላ ያለው ግን የሚተኛ ውሃ ነው። ይሄ ልዩነት የገባኝ እዚያ ሄጄ ነው።

የሄድኩት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። አራት ነበርን፤ አራታችንም የድሬ ልጆች። አንዱ የሳይንስ መምህር፣ አንዱ ነርስ፣ አንዱ የከባድ መኪና ሹፌር፣ አራተኛው እኔ። ከድሬ ለገሃር በባቡር ተነሥተን አዲስ አበባ ገባን፤ ከዚያ በአውቶቡስ ጅማ፣ በደሌ፣ መቱ፣ ጎሬ። ከጎሬ በኋላ ያለውን ቁልቁለት እስካሁን አልረሳውም። ጠዋት ጎሬ ላይ ጭጋግ ውስጥ ጃኬት ለብሰን ቡና ጠጣን። በኋላ ጋምቤላ ደርሰን ባሮ ድልድይ ላይ ስንቆም ሸሚዛችን ከጀርባችን ላይ ተጣብቋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥተን ወደ 500 ሜትር ገደማ ነው የወረድነው።

ጋምቤላን ረግረግ ያደረገው ያ ቁልቁለት ነው። ጎሬ አካባቢ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል፤ የኛ ድሬ 600 ገደማ ነው። ያ ሁሉ ውሃ በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎ ወርዶ ሜዳው ላይ ሲደርስ መሬቱ ጠፍጣፋ ነውና መሮጡን ያቆማል። ከወንዙ ይወጣና ሣሩ ውስጥ፣ ደንገሉ ውስጥ፣ ዛፉ ሥር ለወራት ይተኛል። ክረምቱ ሲያልፍ ቀስ እያለ ወደ ወንዙና ወደ ኩሬዎቹ ይሰበሰባል። ሸሽቶ በሄደበት ቦታ ለምለም ሣር ይበቅላል። ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባለው ሣር በል የዱር እንስሳ በመቶ ሺዎች ሆኖ በደቡብ ሱዳንና በጋምቤላ መካከል የሚመላለሰው ያንን ውሃና ሣር ተከትሎ ነው። የኑዌር አርብቶ አደርም በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርደው በዚያው ምክንያት ነው። ሰውም አውሬውም አንድ የቀን መቁጠሪያ ነው ያላቸው።

እኛ ግን የመጀመሪያውን ቀን አበላሸነው። ከሩቅ የቆርኬ መንጋ አየን። ሹፌሩ ጓደኛችን በደስታ ጮኸ። ሁላችንም ካሜራ እያወጣን ሮጥን። መንጋው ተነሥቶ ሄደ። እስኪመሽ ስንከተላቸው ዋልን፤ ያየነው ጀርባቸውን ብቻ ነው። ይዞን የሄደው የአኙዋ ሽማግሌ አንድ ቃል አልተናገረንም። ማታ ዓሣ ጠበሰልንና ተኛ።

በማግስቱ ሳይነጋ ቀሰቀሰንና አንድ ዛፍ ሥር ወሰደን። የእኔን እጅ ይዞ ግንዱ ላይ አስቀመጠው። ደረቴ ጋ የሚደርስ የጭቃ መስመር አለ። ከመስመሩ በላይ ቅርፊቱ ጥቁር ነው፤ ከመስመሩ በታች አመድ ይመስላል። ዝቅ ያሉት ቅርንጫፎች ላይ የደረቀ ሣር እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። እግራችን ሥር ያለው መሬት ግን ተሰነጣጥቋል፤ ጣቴን ብከተው ስንጥቁ ሙሉውን ዋጠው። "በክረምት እዚህ በታንኳ ነው የምናልፈው" አለን። ከዚያ ዝቅ ብሎ ወደቀረ ኩሬ ጠቆመን። "ውሃው ያለው እዚያ ነው። ተቀመጡ።"

ተቀመጥን። መጀመሪያ ወፎቹ መጡ። ጥቁርና ነጭ የሆነች ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ቆማ ክንፏን ታርገበግባለች፤ ቁልቁል ታያለች፤ ከዚያ እንደተወረወረ ድንጋይ ትወድቃለች። አባ ኮዳዎቹ ዳር ዳሩን በረጅም እግራቸው ይመላለሳሉ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ቆርኬዎቹ መጡ። አንድ ወንድ ከፊት ነው። ሰውነቱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡናማ፣ ጆሮውና የዓይኑ ዙሪያ ነጭ። ውሃው ጋ ሲደርስ ወዲያው አልጠጣም። ቆሞ ውሃውን አየው፤ በጣም ቆየ። አዞ ሊኖር እንደሚችል ያውቃል። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠጣ። ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ ይታየኝ ነበር። ከኋላው ሴቶቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው መጡ። ያ ሁሉ ሲሆን ከአራታችን አንዳችንም ካሜራ አላነሣንም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሮጠን ያጣነውን ያን ጠዋት ተቀምጠን አገኘነው።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም፤ ባለፈው አውርተናል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፣ ውሃውም ቦታውን ሁሉ ይይዘዋል። ከመነሣታችሁ በፊት አካባቢው ሰላም መሆኑን እዚያው ካሉ ሰዎች አጣሩ። ጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ እና የአገሬው ሰው አብሯችሁ ሳይኖር አንድ እርምጃ እንዳትሄዱ። ቦርሳችሁ ከ10 ኪሎ አይብለጥ። ውድ ቡትስ አትግዙ፤ እርጥብ ቦታ ላይ ኮንጎ ጫማ ይሻላል፣ ቶሎ ይደርቃል። ሽርጥ ያዙ። ሽርጥ ፎጣ ነው፣ አንሶላ ነው፣ ጥላ ነው፣ ልብስ መቀየሪያም ነው። በሶና ተምር ካላችሁ አትራቡም።

አዞ ካለበት ውሃ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ አትቅዱ፤ ሲመሽ ወደ ዳር አትጠጉ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ከውሃ ይወጣል፤ በእሱና በውሃው መካከል እንዳትገኙ። ድንኳናችሁን የት እንደምትተክሉ የሚወስነው መሪያችሁ ይሁን።

ስለ ወባ ግን ረጋ ብዬ ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት ሙቀቱ አላስተኛ ሲለኝ አጎበሩን ገልጬ ተኛሁ። አንድ ሌሊት ብቻ። ከተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ድሬ ቤቴ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ተንቀጠቀጥኩ። ነርሱ ጓደኛዬ ቶሎ ባይደርስልኝ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር እንጃ። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከተሰማችሁ ደግሞ የት እንደነበራችሁ ንገሩት።

አሁን ወደ ቅርባችን ልምጣ። እኔ ልጅ ሳለሁ ከድሬ ወደ ሐረር ስንሄድ የደንገጎን ዳገት ወጥተን ብርዱ ሲቀበለን፣ ትንሽ እንደሄድን የሐረማያ ሐይቅ ብልጭ ይላል። መኪናው ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ወደ መስኮቱ ይሻማል። ዳክዬ ነበረው፣ ፍላሚንጎ ነበረው፣ ታንኳ ነበረው። ሐረር የምትጠጣው ከዚያ ነበር። በዙሪያው ያለው ጫት፣ ድንችና አትክልትም በፓምፕ የሚጠጣው ከዚያው ነበር። ተራራው ዛፉን ሲያጣ አፈሩ እየታጠበ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ከላይ ደለል ይሞላዋል፣ ከጎን ፓምፕ ይስበዋል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ።

ያኔ ለሥራ ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። የውሃ መለኪያው ዘንግ እንደተተከለ ነበር። ከታች ያለው ዜሮ ሳይቀር ፀሐይ ላይ ወጥቷል። አንድ እረኛ ልጅ ፍየሉን አስሮበታል። እኔ እኮ ያ ቁጥር ዓመት በዓመት ሲወርድ አይቻለሁ። ጽፌ፣ ፈርሜ፣ አስረክቤ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ጮክ ብዬ ግን አልተናገርኩም፤ ገበሬው ጋ ወርጄ አላወራሁም፤ ሐረር ያሉትን ወዳጆቼን እንኳ "ውሃችሁ እያለቀ ነው" አላልኳቸውም። ይሄ እስካሁን ያመኛል። ሐረር ጄሪካን ይዛ ተሰለፈች። በኋላ ከድሬ ቆላ፣ ከአስሊሶ፣ ያን ሁሉ ዳገት በፓምፕ እየተገፋ ውሃ ተወሰደላት።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሐይቁ ተመልሷል። ዝናቡም ረድቷል፤ ተራራው ላይ የተሠራው እርከንም ረድቷል። ወፎቹ ሲመለሱ አይቼ አልቅሻለሁ። ግን የተመለሰ ነገር ተመልሶ መሄድም ይችላል፤ ፓምፑም ጫቱም አሁንም እዚያው ናቸው።

ስለዚህ ጋምቤላ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ቅዳሜ ሐረማያ ሂዱልኝ። በሚኒባስ ቅርብ ነው። ጎህ ሳይቀድ ዳሩ ላይ ድረሱና ለሦስት ሰዓት ያህል ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ስልክ ይዘጋ። የድሬ ልጅ ተጫዋች ነው፤ ዝም ማለት ይከብደዋል፣ አውቃለሁ። ማን ዝም ማለት እንደሚችል፣ ማን በብርዱ እንደሚነጫነጭ፣ ማን ያለውን ዳቦ ቆርሶ እንደሚያካፍል እዚያ ይታያል። የጉዞ ጓደኛ የሚታወቀው እንዲህ ነው። እኛ ይሄን ሳናውቅ ነበር የሄድነው፤ መምህሩና ሹፌሩ መንገድ ላይ በገንዘብ ተጣልተው ሁለት ቀን ሳይነጋገሩ ተጉዘዋል። እናንተ ገንዘቡን ገና ከቤት ሳትወጡ አንድ ላይ አድርጉና አንድ ሰው ይያዘው።

የእኔ አሮጌ ባይኖኩላር እስካሁን ይሠራል። መጥታችሁ ውሰዱት። አብሮት ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር አስቀምጬላችኋለሁ። በየቀኑ ማታ ያያችሁትን ጻፉበት። እንስሳውን ከመጻፋችሁ በፊት ቀኑንና ውሃው እስከ የት እንደነበር ጻፉ፤ የትኛው ዛፍ ጋ፣ የትኛው ድንጋይ ጋ። ሐረማያ ያያችሁትን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሩ። ስትመለሱ ደብተሩን አምጡልኝ፤ ቁጭ ብለን እናነበዋለን።